የኮሌጅ ተማሪና የመንግሥት ገንዘብ፦ የሚመለሰውና የማይመለሰው



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ገንዘብ ነው። ይኸውም መንግሥታት ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለሚሰጡት እርዳታ ሲሆን፣ የትኛው በነጻ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ደግሞ ቆይቶ እንደሚመለስ ለይቶ ለማወቅ እንዲረዳ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

እዚህ ካኩማ የፎርም ፎር ተማሪዎችን ሳስተምር በየዓመቱ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «መምህር፣ መንግሥት በነጻ ካስተማረ በኋላ ምን ይፈልጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከመንግሥት ጋር ያለን ትዝታ ብዙም መልካም ስላልሆነ፣ በነጻ የሚሰጥ ነገር ሲቀርብልን እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት ኋላችንን እናያለን። በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር የሄዱ ልጆች በስልክ «ኮሌጁ ወረቀት ልኮልኛል፤ 14 ሺ ዶላር ይላል፤ ልፈርም?» እያሉ ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። ወላጅም ከዚህ ሆኖ «ተመስገን ነው፣ ፈርም ልጄ» ይላል።

ሁለቱም ወገኖች ይጎዳሉ። አንዱ ዕዳ ነው ብሎ በመፍራት በነጻ የተሰጠውን ይተዋል። ሌላው ሁሉም ነጻ ነው ብሎ ፈርሞ ለብዙ ዓመታት የሚከተለውን ዕዳ ይሸከማል። ልዩነቱን ለማወቅ ደግሞ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ የአራት ቃላትን ትርጉም መለየት ይበቃል።

ቃላቱን እንለይ

የመጀመሪያው ቃል ድጎማ ነው። በእንግሊዝኛ ግራንት የሚባለው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የተማሪው ወይም የቤተሰቡ ገቢ አነስተኛ በመሆኑ ነው። አይመለስም። ሁለተኛው ስኮላርሺፕ ወይም የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሆን፣ እርሱም አይመለስም፤ ነገር ግን በውጤት ተወዳድሮ የሚገኝ ነው። ሦስተኛው ብድር ነው። ብድር ከመንግሥት ቢመጣም ብድር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ወለድ አለው። አራተኛው በትምህርት ላይ ሳሉ ኮሌጁ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሠርተው የሚያገኙት ክፍያ ሲሆን፣ በአሜሪካ ወርክ ስተዲ ይባላል። ይህ ስጦታም ብድርም አይደለም፤ ያልሠራ አያገኘውም።

አንዳንድ ጊዜ ብድር በሌላ ስም ይመጣል። ለምሳሌ በአገራችን በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ ቁጥር 91 ግን «የወጪ መጋራት» የሚባል ሥርዓት ተጀመረ። ተማሪው ሲመዘገብ ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም የድርሻውን ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ስሙ «መጋራት» ይባል እንጂ አሠራሩ ያው ብድር ነው። ውሉን ሲፈርሙ ምን እንደፈረሙ ያላወቁ ተማሪዎች ብዙ እንደነበሩ ከእነርሱ መካከል የሆኑ እዚህም ያሉ ወንድሞችና እህቶች ይነግሯችኋል።

ከሁለቱም የተቀላቀለም አለ። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ባፌግ የሚባል የመንግሥት እርዳታ ለተማሪዎች ይሰጣል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሚሰጠው ግማሹ ድጎማ፣ ግማሹ ደግሞ ወለድ የሌለው ብድር ነው። ተማሪው ቢበዛ የሚመልሰው 10,010 ዩሮ ብቻ ሲሆን፣ በስደተኛነት ሕጋዊ እውቅና ያገኘ ሰውም ማመልከት ይችላል። እንደዚህ ዓይነቱ ብድር የሚያስፈራ አይደለም። ብድር ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ መጠኑንና የአከፋፈሉን ሁኔታ አውቆ የሚወሰድ ብድር ሰውን ያስተምራል። የሚጎዳው ድጎማ መስሎ የተወሰደው ነው።

ከዚህ ካምፕ ሆኖ የሚገኘው

ለእኛ ቅርብ የሆነው የመንግሥት ገንዘብ ዳፊ የሚባለው ነው። የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ያቋቋመው ሲሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አማካይነት ይሠራል። የተሰየመው በሳይንቲስቱ በአልበርት አይንስታይን ነው። አይንስታይን ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ወደ ጀርመን ሳይመለስ ቀርቶ በአሜሪካ የተጠጋ ስደተኛ እንደነበረ ልብ ይሏል። ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ከ20 ሺ በላይ ስደተኛ ተማሪዎች በዚህ ገንዘብ ተምረዋል።

ዳፊ ድጎማም ስኮላርሺፕም ነው ማለት ይቻላል፤ ችግረኛነትም ውጤትም ይጠይቃል። ተማሪው በተጠለለበት አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ይማራል፤ የትምህርት ክፍያ፣ የመጻሕፍት፣ የመጓጓዣና የኑሮ ገንዘብ ይታሰብለታል። ገንዘቡ አይመለስም። ወደ ጀርመን የሚወስድ መስሏቸው የሚያመለክቱ ስላሉ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ዳፊ የትምህርት ዕድል እንጂ የጉዞ ዕድል አይደለም።

አመልካቹ በስደተኛነት የተመዘገበና እውቅና ያገኘ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀ፣ ሌላ የሚከፍልለት የሌለው መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱን ሲጀምር ዕድሜው ከ28 ዓመት እንዳይበልጥ ይጠየቃል። በኬንያ ለዲግሪ ትምህርት ለመግባት በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ቢያንስ ሲ ፕላስ ያስፈልጋል፤ የዳፊ ውድድር ግን ከዚያ ከፍ ያለ ውጤት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከፎርም ዋን ጀምሮ ያለው ጥናት የገንዘብ ጥያቄ ጭምር ነው። ሂሳብን «አልወደውም» ብሎ የሚተው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ክፍያውን አብሮ እንደሚተው ቢነገረው ጥሩ ነው።

ለሴቶች ልጆቻችን ወላጆች አንድ ነገር ላክል። በብዙ አገሮች በዳፊ ምርጫ ሴቶች እንዲበረታቱ ይደረጋል። ነገር ግን ዕድሉ የሚጠቅመው እስከ ፎርም ፎር የደረሰችውን ነው። ፎርም ቱ ላይ ውኃ እንድትቀዳና ታናናሾቿን እንድትጠብቅ ከትምህርት ገበታ የቀረች ልጅ ለማመልከት እንኳ አትበቃም። የከፍተኛ ኮሚሽኑ ድርጅት በ2023 ባወጣው የትምህርት ሪፖርት በዓለም ላይ ካሉት ለከፍተኛ ትምህርት ዕድሜ ከደረሱ ስደተኞች መካከል ከፍተኛ ትምህርት ላይ ያሉት ከመቶ 7 ብቻ ናቸው። ቁጥሩ በ2019 ሪፖርት 3 ነበር። አድጓል፤ ሆኖም ገና ጠባብ በር ነው።

ከካምፕ ተማሪዎችን የሚወስደው የካናዳው የዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራምም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ገንዘቡ በአመዛኙ የካናዳ ተማሪዎች ራሳቸው ከሚያዋጡት የሚገኝ በመሆኑ ከዛሬው ርዕሳችን ውጭ ነው። ስለ እርሱ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

ስምና የትውልድ ዘመን

ወደ አሜሪካው ከማለፋችን በፊት በሁሉም አገር ፎርም ላይ የእኛን ሰው የሚያደናቅፉ ሁለት ነገሮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዲት ልጅ በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ተወለደች እንበል። በፈረንጆች አቆጣጠር ይህ 1999 ወይም 2000 ነው። መዝጋቢው ሳይቀይር 1992 ብሎ ቢጽፍ፣ ልጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 የ25 ዓመት ወጣት ሆና ሳለ በወረቀት 33 ዓመት ይሆናታል። ዕድሜው ከ28 እንዳይበልጥ በሚጠይቅ ውድድር ላይ ያለ ምንም ጥፋቷ ትወድቃለች።

ሁለተኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ፎርም ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፉም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። የትምህርት ማስረጃው ላይ አንድ ዓይነት፣ የስደተኛ ምዝገባው ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ አመልካቹ ሁለት ሰው ይሆናል። በአሜሪካ ደግሞ ፎርሙን የሚያመሳክረው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተር የእኛን የስም አወጣጥ አያውቅም።

ስለዚህ ስህተት ያለበት ሰው ዛሬውኑ እርማት ይጠይቅ። እርማት ጊዜ ይፈጃል፤ የማመልከቻ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው።

ፔል ግራንት

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት ስደተኞችን የመቀበያ ፕሮግራሙን አገደ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ጥቂቶች ናቸው። ጉዟቸው ተሰርዞ የቀሩ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትምህርቱን የጻፍኩት ከዚያ በፊት ሄደው እዚያ ለሚኖሩት ልጆቻችንና በስልክ ምክር ለሚጠየቁት ወላጆች ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ተማሪዎችን በሰፊው መርዳት የጀመረበት ሕግ በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የተፈረመው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1965 ነው። የተፈረመው በዋና ከተማው ሳይሆን ሳን ማርኮስ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ውስጥ፣ ጆንሰን ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ነበር። ሰውየው በወጣትነታቸው የድሆች ልጆችን ያስተማሩ መምህር ስለነበሩ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ መንገር ደስ ይለኛል። በ1972 ሕጉ ሲሻሻል ለድሃ ተማሪዎች በቀጥታ የሚሰጥ ድጎማ ተጨመረ። በ1980 ድጎማው ለዚህ ሕግ በተከራከሩት በሮድ አይላንድ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም ተሰየመ። ሴናተሩ ራሳቸው ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩ።

በ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው የፔል መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ሲሆን፣ ዝቅተኛው 740 ዶላር ነው። መጠኑ የሚወሰነው በገቢና በቤተሰብ ብዛት ነው። ሙሉውን ለማግኘት በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መማር ያስፈልጋል፤ 6 ክሬዲት የሚማር ግማሹን ያገኛል። በአንድ ሰው ዕድሜ ከ12 ሙሉ ሴሚስተር በላይ አይሰጥም። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው አያገኝም፤ ዲግሪው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ዲግሪ ነው። ይህን ሳያውቁ ዲግሪያቸውን ደብቀው የሚሞሉ ስለሚኖሩ አስጠነቅቃለሁ፤ በመንግሥት ፎርም ላይ ሐሰት መጻፍ ወንጀል ነው።

ፔል ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ የሚሰጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በስደተኛነት ተቀባይነት አግኝቶ የገባ ሰው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትና ግሪን ካርድ ያለው ሁሉ በሕጉ ብቁ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ስደተኛው ሲገባ የሚሰጠው አይ-94 የሚባለው ወረቀት ማስረጃው ነውና በጥንቃቄ ይያዝ። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን በዚያ ማመልከቻ ብቻ አያገኝም።

ማመልከቻው ፋፍሳ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ በጥቅምት መጀመሪያ ይከፈታል፤ በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። አንድ ጊዜ ሞልቶ አራት ዓመት መማር የለም። ፎርሙ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት በፊት ገቢን ነው፤ ለምሳሌ የ2025-26 ፎርም የ2023ን ገቢ ይጠይቃል። በዚያ ዓመት እዚህ ካምፕ ውስጥ በራሽን ይኖር የነበረ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ወይም ለሙሉ የቀረበውን ድጎማ ያገኛል ማለት ነው። ብዙ ስቴቶችም የራሳቸው ድጎማ አላቸው፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ካል ግራንት፣ በዋሽንግተን ስቴት ዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት የሚባሉ አሉ። ለእነዚህም በር የሚሆነው ይኸው ፎርም ነው።

ለካምፑ ወላጆች ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ዕድሜው ከ24 በታች የሆነ፣ ያላገባና ልጅ የሌለው ተማሪ ፎርሙን ሲሞላ የወላጆቹን ገቢና ፊርማ ይጠየቃል። ወላጆቹ እዚህ ካኩማ፣ እርሱ ሚኒያፖሊስ ከሆነስ? ብዙ ልጆች እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ፎርሙን ይዘጉታል። መዝጋት አያስፈልግም። ፎርሙ «ወላጆችህን እንዳታገኝ የሚያደርግ ልዩ ሁኔታ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አለው፤ በስደተኛነት ገብቶ ከወላጆቹ የተለየ ሰውም ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ነው። ያለው ሁኔታ ይህ ከሆነ «አዎን» ብሎ ይቀጥላል፤ ከዚያም የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ማስረጃ ጠይቆ ይወስናል። ከዚህ የሚላክለት የወላጆቹ የስደተኛ ምዝገባ ቅጂ ሊረዳው ይችላል። ያገኛችሁት እንደሆነ ይህን ለልጃችሁ ንገሩት።

የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃው በጦርነት የጠፋበት ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ሁኔታውን ለዚሁ ቢሮ ያስረዳ። ካልሆነለት ጂ.ኢ.ዲ. የሚባለውን ፈተና አልፎ መግባት ይችላል።

ወረቀቱ ሲመጣ

ኮሌጁ ተማሪውን ከተቀበለ በኋላ የእርዳታ ደብዳቤ ይልካል። ችግሩ ያለው እዚህ ደብዳቤ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ወስደን እንየው። አንዲት ልጅ የሚከተለው ደረሳት እንበል፦

ፔል ግራንት 7,395 ዶላር
የመንግሥት ብድር፣ ወለዱ በትምህርት ጊዜ በመንግሥት የሚከፈል 3,500 ዶላር
የመንግሥት ብድር፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚቆጠር 2,000 ዶላር
ወርክ ስተዲ 2,000 ዶላር
ጠቅላላ እርዳታ 14,895 ዶላር

«ጠቅላላ እርዳታ» የሚለውን ያየ ሰው 14,895 ዶላር ተሰጠኝ ይላል። የተሰጣት ግን 7,395 ብቻ ነው። 5,500ው ብድር ነው። 2,000ው ደግሞ ሥራ ከተገኘና ከሠራች የምታገኘው ነው። አራቱም በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ርዕስ ሥር ተጽፈው ይመጣሉ፤ በአንዳንድ ደብዳቤዎች ላይ ብድር የሚለው ቃል እንኳ በአጭር ምልክት ስለሚጻፍ አይታወቅም። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው አጻጻፍ ከሥነ ምግባር አንጻር ትክክል አይደለም፤ ነገር ግን እስኪቀየር ድረስ ማንበብ የእኛ ፋንታ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ድጎማውን ተቀብሎ ብድሩን አለመቀበል፣ ወይም ከብድሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መውሰድ የሚቻል መሆኑን ነው። ብድሩን እምቢ ያለ ተማሪ ፔሉ አይቀርበትም። የመንግሥት ብድር ያልከፈለ ሰው ግን ከደመወዙ ሊቆረጥ፣ የግብር ተመላሹም ሊያዝ ይችላል፤ በኪሳራ ክስ እንኳ በቀላሉ የሚሰረዝ ዕዳ አይደለም።

ታዲያ ልጅቱ ብድሩን ትታ መማር ትችላለች ወይ? ኮሌጁን ከመረጠች ትችላለች። ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት የሕዝብ ኮሌጆች የዓመት የትምህርት ክፍያ በአማካይ 4 ሺ ዶላር ገደማ ነው። ሙሉ ፔል ያላት ልጅ ክፍያዋን ሸፍና 3 ሺ ያህል ይተርፋታል፤ ኮሌጁ ክፍያውን ከወሰደ በኋላ የተረፈውን ለተማሪዋ ይሰጣታል። ለመጽሐፍ፣ ለአውቶቡስ፣ ለቤት ኪራይ ይሆናል። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይቻላል። ስሙ ትልቅ ወደሆነ ኮሌጅ በብድር ከመግባት ይህ መንገድ ይሻላል እላለሁ፤ ሠርግ ላይ ሲነገር ባያምርም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በአብዛኞቹ ስቴቶች ዝቅተኛውን ክፍያ የሚከፍለው በስቴቱ አንድ ዓመት የኖረ ነዋሪ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ዘመድ ፍለጋ ከስቴት ወደ ስቴት መዛወር ይወዳል። ከመዛወሩ በፊት ኮሌጁን ይጠይቅ።

መሃል ላይ ማቋረጥ

ድጎማ አይመለስም ብለናል፤ ይህ ግን የሚሆነው ሴሚስተሩን ለተማረ ነው። የእኛ ልጆች ከሁሉ በላይ የሚጎዱት በዚህ ነው። ምክንያቱም ከዚህ «እናትህ ታማለች፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ስልክ ሲደወል ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሁለተኛ ሥራ ይይዛል።

ሕጉ እንዲህ ነው። ከሴሚስተሩ 60 ከመቶ ሳይሞላ ያቋረጠ ተማሪ የተማረበት ቀን ተቆጥሮ የዚያን ያህል ድጎማ ብቻ የርሱ ይሆናል። ሴሚስተሩ 105 ቀን ነው እንበል። ለሴሚስተሩ የተሰጠው ፔል 3,697 ዶላር፣ የኮሌጁ ክፍያ 2,000 ዶላር ነው። በ35ኛው ቀን ቢያቋርጥ የተማረው አንድ ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ ኮሌጁ ከወሰደው 2,000 ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 1,333 ዶላር ለመንግሥት ይመልሳል። የጎደለውንም ከተማሪው ይጠይቃል። ልጁ አንድ ዶላር ሳይበደር የ1,333 ዶላር ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው። ዕዳው እስኪከፈል ኮሌጁ እንደገና እንዳይመዘገብ ሊከለክለው ይችላል።

ሳይናገር ዝም ብሎ የቀረና በሁሉም ትምህርት ኤፍ ያገኘም አያመልጥም፤ ብዙውን ጊዜ በሴሚስተሩ አጋማሽ እንዳቋረጠ ተቆጥሮ ይሰላል። ደግሞም ድጎማው እንዲቀጥል በአብዛኞቹ ኮሌጆች አማካይ ውጤት 2.0 መሆንና ከተመዘገቡበት ትምህርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ማለፍ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የግድ ማቋረጥ ያለበት ሰው አስቀድሞ ወደ ገንዘብ እርዳታ ቢሮው ሄዶ «ዛሬ ብወጣ ስንት እከፍላለሁ? ሁለት ሳምንት ብቆይስ?» ብሎ ይጠይቅ። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት መታገሥ ዕዳውን በሙሉ ያስቀራል። እኛም እዚህ ያለን ወላጆችና ዘመዶች ስልክ ከመደወላችን በፊት ልጁ ፈተና ላይ መሆኑን ብንጠይቅ አይከፋም።

ለፎርም የሚከፈል ገንዘብ የለም

በካምፑ ውስጥ «የስኮላርሺፕ ፎርም አለኝ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አይጠፉም። የዳፊ ፎርም በነጻ ነው። የከፍተኛ ኮሚሽኑ አገልግሎት ሁሉ በነጻ ነው። የአሜሪካው ፋፍሳም ቢሆን የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ራሱ «ነጻ» ማለት ነው። ገንዘብ የጠየቀ ሰው ስኮላርሺፕ የለውም። የከፈላችሁት ካለም ለድርጅቱ የቅሬታ ክፍል አመልክቱ፤ ማመልከታችሁ በፋይላችሁ ላይ ጉዳት አያመጣም።

መልመጃ

1. አንድ ተማሪ የደረሰው ደብዳቤ የሚከተለውን ይላል፦ ፔል ግራንት 5,000፤ የስቴት ግራንት 1,200፤ ብድር 3,500፤ ወርክ ስተዲ 1,500። የኮሌጁ የዓመት የትምህርት ክፍያ 4,300 ዶላር ነው። በነጻ የተሰጠው ስንት ነው? ክፍያውን ለመሸፈን መበደር ያስፈልገዋል ወይ?

2. ሴሚስተሩ 105 ቀን ሆኖ አንዱ ተማሪ በ30ኛው ቀን፣ ሌላው በ80ኛው ቀን አቋረጡ። ድጎማው ሙሉ በሙሉ የሚጸናለት የትኛው ነው? ለምን?

3. የትውልድ ቀናችሁን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለውጡና በስደተኛ ምዝገባችሁና በትምህርት ማስረጃችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የስማችሁንም አጻጻፍ እንዲሁ ፊደል በፊደል ተመልከቱ። ልዩነት ያገኘ ሰው ሁለቱንም ወረቀት ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጣ፤ የእርማት ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።